መጀመሪያ መናገር፣ ከዚያ መለወጥ

እ.ኤ.አ. በ1979 በሃይፋው ቴክኒዮን የነበሩት ፊሊፕ መርሊንና አድሪያን ሴጋል መስመሩ ለሚቆራረጥ ኔትወርክ መንገድ መምረጫ ሥርዓት አሳተሙ። ጥበቡ ያለው በሁለት ድርጊቶች ቅደም ተከተል ላይ ነው፤ እኔ እንደዚህ የጠራ ሥራ ያየሁት ጥቂት ነው።

የኢንተርኔት ቀዳሚ የነበረው አርፓኔት እስከዚያው ዓመት ድረስ ይሠራበት በነበረው ዘዴ እያንዳንዱ ጣቢያ ጎረቤቶቹ የነገሩትን ርቀት አወዳድሮ አጭሩን ይይዝ ነበር። መስመር ሲበጠስ ግን ጣቢያ «ሀ» በጣቢያ «ለ» ይተማመናል፣ «ለ» ደግሞ በ«ሀ»። መልእክቱም በመካከላቸው ሲመላለስ ይቀራል። ሪፕ የተባለው የኋላ ዘመን ሥርዓት ርቀቱ 16 ሲደርስ «መንገድ የለም» ብሎ ያቆማል። ይህ አዙሪቱን ይገድበዋል እንጂ አይከለክለውም።

መርሊንና ሴጋል አዙሪቱ ከነጭራሹ እንዳይፈጠር አደረጉ። ወደ አንድ መድረሻ የሚወስዱት መንገዶች ዛፍ ይሠራሉ። መድረሻው ሥሩ ነው፤ እያንዳንዱ ጣቢያም ወደ ሥሩ የሚያደርሰው አንድ ተመራጭ ጎረቤት አለው። ማሻሻያው የሚነሣው ከሥሩ ብቻ ነው። ዜናው በተመራጩ ጎረቤት በኩል ሲደርሰው ጣቢያው ርቀቱን አስልቶ ከዚያ ጎረቤት በቀር ለሁሉም ይናገራል። ከዚያ ይጠብቃል። የጎረቤቶቹ ሁሉ ቃል ከተሟላ በኋላ ርቀቱን ለነባሩ ተመራጭ ይልካል፤ የተሻለ ካገኘ ወደዚያ የሚዞረው ይህን ከላከ በኋላ ነው፣ አንዲት እርምጃ ቀደም ብሎ አይደለም። ስለዚህ በእሱ በኩል የሚያልፉት ሁሉ ምርጫቸውን ሳይጨርሱ እሱ አይነቃነቅም። ለውጡ ከቅርንጫፍ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ሥሩ ይወርዳል።

መስመር ሲበጠስ ደግሞ ትዕግሥቱ ይብሳል። መንገዱን ያጣው ጣቢያ ማጣቱን ለጎረቤቶቹ ይናገራል፤ በእሱ በኩል ያልፉ የነበሩትም እንዲሁ ያደርጋሉ። ከብጥሱ በመድረሻው ወገን ያለው፣ መንገዱ ያልተነካበት ጣቢያ፣ አዲስ የማሻሻያ ዙር እንዲጀመር ወደ መድረሻው ጥያቄ ይልካል። ዙሮቹ ቁጥር አላቸው። የተቆረጠው ጣቢያ «እኔ መንገድ አለኝ» የሚል ጎረቤት ቢያገኝ እንኳ አይጣደፍም፤ ከፍ ያለ ቁጥር እስኪደርሰው ይቆያል። ያ ጎረቤት መንገዴ የሚለው በዚሁ በተቆረጠው ጣቢያ በኩል ያልፍ የነበረውን ሊሆን ይችላል፤ ዜናውን ገና አልሰማም። አዲስ ቁጥር ግን ከመድረሻው ካልተነሣ ከየትም አይመጣም።



የዚህ ጥንቃቄ ዋጋ መዘግየት ነው፤ አጭሩ መንገድ በአንድ ዙር ላይገኝ ይችላል። ይህን መምረጣቸውን ትክክል እላለሁ፣ የዘገየ መንገድ ከአዙሪት ይሻላልና። ደግሞም ሥራው አባካኝ አይደለም፦ ብልሽት ከሌለ በአንድ ዙር በእያንዳንዱ መስመር በየአቅጣጫው የሚያልፈው አንድ መልእክት ብቻ ነው። መድረሻው ከጎረቤቶቹ ሁሉ ቃል ሲመለስለት ዙሩ ማለቁን ያውቃል፣ ቀጣዩንም ይጀምራል። ኔትወርኩ እስከተረጋጋ ድረስ ዙር በዙር ሁሉም ጣቢያ አጭሩ መንገድ ላይ ይደርሳል።