በየትኛው ቁና?

“በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም” የሚለውን ብሂል ከአያቶቻችን ያልሰማ የለም። እኛ ቂርያት ጋት ያደግን ልጆች ግን ቁናውን አናውቀውም፤ ጤፍ የምንገዛው በኪሎ ነው። አያቴ እንደምትለው ብልህ ሸማች ከእህሉ በፊት የሚያየው ቁናውን ነው። ይኼ ትዝ ያለኝ ስለ እርሾ ሴል የተጻፈ አንድ የታወቀ ጥናት ሳነብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጄሊፊሽ የተገኘውን አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን፣ ጂኤፍፒን፣ ልንቆጥረው ከምንፈልገው ፕሮቲን ጋር በዘረመል እናያይዘዋለን። ካሜራው የሚሰጠን ግን የብርሃን መጠን እንጂ የፕሮቲን ብዛት አይደለም። ያው ሴል በሌላ ሌንስ ሌላ ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ ብዛቱ አስቀድሞ የታወቀ ማመሳከሪያ ያስፈልጋል፤ በዕብራይስጥ ኪዩል የምንለው ማለት ነው።

በ2006 አጂት ጆግለካር፣ ኬሪ ብሉም፣ ቴድ ሳልሞንና ባልደረቦቻቸው ቁናውን እዚያው ሴሉ ውስጥ አገኙት። የዳቦ እርሾ 16 ክሮሞዞም አለው። በእያንዳንዱ ሴንትሮሚር፣ ማለትም ሴል ሲከፈል ክሮሞዞሙ በሚጎተትበት ቦታ፣ ሲኤስኢ4 የተባለ ፕሮቲን 2 ብቻ አለ ተብሎ ይታመን ነበር። 16 ሲባዛ በ2፣ 32። የሌሎቹን ፕሮቲኖች ብርሃን ከዚህ ጋር እያነጻጸሩ ቆጠሩ።

ሐሳቡ ያምራል። ብዙ ላቦራቶሪዎች የሚጠቀሙበት ፍሎረሰይን የተባለ ቀለም ከጂኤፍፒ ጋር በብርሃኑም ሆነ በአሲድ ውስጥ ባለው ጠባዩ በትክክል አይገጥምም። እዚህ ግን ሰፋሪውም ተሰፋሪውም ያው ጂኤፍፒ ነው፣ ያው ሴል ውስጥ።

ድክመቱ 2 የሚለው ቁጥር ላይ ነው። ከሌላ ዓይነት ጥናት የተወሰደ እንጂ በዚያ ማይክሮስኮፕ የተቆጠረ አልነበረም። በ2011 ሁለት ቡድኖች በሌሎች ማመሳከሪያዎች ሲለኩት ከ2 በላይ አገኙ። ልብ በሉ፤ አንዱ የብሉምና የሳልሞን የራሳቸው ቡድን ነው! ክርክሩም በዚያ አላበቃም። እንበልና እውነቱ 4 ቢሆን፣ 8 የተባለው ሌላ ፕሮቲን 16 ይሆናል። በመካከላቸው ያለው ንጽጽር ግን አይናወጥም።

እኔ የምወቅሰው ተመራማሪዎቹን አይደለም፤ ግምታቸውን በግልጽ ጽፈዋል፣ መልሰውም ፈትሸውታል። የምወቅሰው እንደ እኔ ያለውን አንባቢ ነው። በሴሚናር “8 ፕሮቲን አለ” ብዬ አቀረብኩ፤ ከምን ተነስቶ እንደተቆጠረ አንድ ቃል አልተናገርኩም። የጠየቀኝም አልነበረም።

ስለዚህ ላብ የምትገቡ ልጆች፣ መጀመሪያ ንጽጽሩን ጻፉ። ብዛት ከጻፋችሁ ማመሳከሪያውን አብራችሁ ጥቀሱ፤ ቢቻል እርስ በርስ በማይደጋገፉ ሁለት ማመሳከሪያዎች ለኩ። ገና ያልበሰለ ጂኤፍፒ እንደማያበራም አትርሱ፤ ያላበራው አልተቆጠረም እንጂ የለም ማለት አይደለም። እኔም ያንን ስላይድ አስተካክያለሁ፤ ከ8 አጠገብ አሁን “ሲኤስኢ4 2 ነው ከተባለ” የሚል አለ።