ከግንቡ ውጭ ያለችው ጎንደር

ስለ ጎንደር የተጻፈውን፣ የአገር ውስጡንም የውጭውንም፣ ሰብስቦ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም፤ ይኸውም ግንቡ ብዙ ጸሐፊ ሲያገኝ ሰፈሩ ግን ጸሐፊ ማጣቱ ነው። ጎንደርን ለማመስገን የተነሣ ሁሉ ከጃን ተከል ዋርካ ሥር ይጀምርና በበሩ ገብቶ የአፄ ፋሲልን ግንብ፣ የአፄ ዮሐንስን ቤተ መጻሕፍት፣ የአፄ ኢያሱን ቤተ መንግሥት፣ የእቴጌ ምንትዋብን አዳራሽ ቈጥሮ፣ 900 ሜትር የሚያህለውን ቅጥር ዞሮ፣ በገባበት በር ይወጣል። ከወጣ በኋላ ያለው መንገድ፣ ጉልቱ፣ ደጀ ሰላሙ፣ የሸክላ ሠሪዋ ደጅና የሸማኔው ጕድጓድ ከቁጥር አይገባም። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ውዳሴ ሊባል ይችላል፤ የከተማ ታሪክ ለመባል ግን ብዙ ይጐድለዋል።

ጉድለቱ የሚመነጨው ከአንድ የለመድነው አነጋገር ነው። «አፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ቈረቈሩ» እንልና ነገሩን በዚያው እንዘጋዋለን። መቈርቈራቸው እውነት ነው። ነገር ግን ንጉሥ ግንብ ያስገነባል፤ ሕዝቡንም አንተ በዚህ ስፈር፣ አንተ በዚያ ስፈር ብሎ ያዝዛል። የታዘዘው ቦታ ሰፈር የሚሆነው ግን ኗሪው በየዕለቱ ሲወጣበትና ሲገባበት፣ ሲጋባበትና ሲቃበርበት፣ ስም ሲያወጣለትም ነው። የዚህ ሥራ ደራሲ ስሙ በዜና መዋዕል አልተጻፈም። አለመጻፉ ግን ደራሲ የለውም አያሰኝም።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር በገባ ጊዜ ያየውን ሲጽፍ ከተማዋ በሰላም ዘመን ዐሥር ሺህ ያህል ቤተ ሰብ እንደሚኖርባት፣ ቤቱም አብዛኛው በጭቃ ተመርጎ ሾጣጣ የሣር ክዳን የተደፋበት መሆኑን ይነግረናል። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። በዓለም ፊት የድንጋይ ከተማ ተብላ የታወቀችው ጎንደር በእውነቱ የጭቃና የሣር ከተማ ነበረች፤ ድንጋዩ ከመካከሏ የቆመ ጥቂት ሕንፃ ነው። ድንጋዩ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ጭቃውና ሣሩ ግን በየዘመኑ እየፈረሰ እንደ ገና ተሠርቷል። እንግዲህ ከሁለቱ የሚደንቀው የቱ ነው? እኔ ስመዝነው፣ ደጋግሞ የፈረሰው ደጋግሞ በዚያው ቦታና በዚያው ስም መሠራቱ ከግንቡ ጽናት የማያንስ ጽናት ሆኖ አገኘዋለሁ።

«ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ይናገራል። ሠራዊት ሲሰፍር፣ ድንኳን ሲተከል የመጣ ቃል ነው። ነገሥታቱ ጎንደር ላይ ከመርጋታቸው በፊት ከተማቸው ተንቀሳቃሽ ነበር፤ የንጉሡ ድንኳን በመካከል፣ መኳንንቱና ካህናቱ፣ ነጋዴውና ባለ እጁ በየሥርዓቱ ዙሪያውን ይተክሉ ነበር። ያ የድንኳን ሥርዓት መሬት ይዞ፣ አጥር አጥሮ፣ ዛፍ ተክሎ ሲቀር የጎንደር ሰፈር ሆነ። እጨጌ ቤትና ዐቡን ቤት የሚባሉት የዚህ ምስክሮች ናቸው። ጳጳሱ ከግብፅ የሚመጡ፣ እጨጌው የመነኮሳቱ አለቃ ነበሩ፤ በየቤታቸው ዙሪያ ያደገው መንደር በስማቸው ተጠራ።

እጨጌ ቤት ላይ ጥቂት መቈየት ይገባል። ይህ ሰፈር የመማፀኛ ስፍራ ነበር። ደም ያለበትም ሆነ የንጉሥ ቍጣ ያስፈራው ሰው ወሰኑን ከተሻገረ አሳዳጁ ከወሰኑ ላይ ይቆማል። መኳንንት እርስ በርሳቸው በሚዋጉበት በዘመነ መሳፍንት ጊዜ ሰው ነፍሱን ብቻ ሳይሆን ንብረቱንም ወደዚያ ያሸሽ ነበር። ወሰኑን ከሁሉ በላይ ያስከበረው የሁሉም ስምምነት ነው። የጎንደርን ሥነ ሕንፃ የሚያጠና ሰው 900 ሜትሩን ቅጥር ይለካል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ሰይፍ ያስቆመውን ስምምነት በምን ይለካዋል? በዓይን የማይታይ ስለ ሆነ ብቻ ከመጽሐፍ ሲቀር ማየት ያሳዝናል።

ሆኖም የሰፈርን ነገር ስናነሣ በፍቅር ብቻ ማንሣት አይገባም። ከጎንደር ሰፈሮች አንዳንዶቹ የተወለዱት ከመገለል ነው። በ1660 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በተደረገው ጉባኤ እስላሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲቀመጡ ተፈረደ። ስለዚህ እስላሞቹ ወርደው በቀሃ ወንዝ አጠገብ ሰፈሩ። ይህን ማለስለስ ሐሰት ይሆናል። ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን አለመናገርም እንዲሁ ሐሰት ነው። የተገፉት ሰዎች ሰፈራቸውን የንግድ ልብ አደረጉት፤ ብሩስ ባየው ጊዜ ሦስት ሺህ ያህል ቤት የነበረበት ሰፊ መንደር ሆኖ ነበር። እርሱ ራሱም በመጀመሪያ ሲገባ ከካህናቱ ክፉ እንዳያገኘው ተብሎ ያሳደሩት በዚሁ በእስላሞቹ ሰፈር ነው። ተለይ ተብሎ የተለየ ሰፈር ለእንግዳ መጠጊያ ሆነ። አዲስ ዓለም የሚለው ስም ዛሬም በከተማው አለ፤ ስሙን የሚጠራው ሰው የፍርዱን ቃል ምናልባት አያስታውስም።

የቤተ እስራኤል ነገር ከዚህ ይከብዳል። በግንበኝነት፣ በአናጢነትና በአንጥረኝነት የታወቁ ነበሩ፤ የጎንደርን ግንቦች በመሥራት እጃቸው እንዳለበት የቆየ ትውፊት ይመሰክራል። ከከተማው በስተ ሰሜን ወለቃ የሚባለው መንደራቸው በሸክላ ሥራ ስም ያወጣ ነበር። ሰዎቹ በ1977 ዓ.ም.ና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች፣ ከዚያም በኋላ፣ ወደ እስራኤል ሄደዋል። መንደሩ ግን አሁንም በእነርሱ ስም ለጎብኚ ይታያል፤ ሸክላውም ይሸጣል። እዚህ ላይ ኀያሲው ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ አለ፦ ሠሪው ሄዶ መልኩ ሲቀር፣ ያ መልክ የሰፈር ጠባይ ነው ወይስ የሰፈር ሥዕል? ለእኔ ሥዕል ነው። ቤቱን ጠብቆ ሰውን መሸኘት ጥበቃ አይባልም።

ወደ እሳቱ እንመለስ። ጎንደር ሁለት ጊዜ ክፉኛ ተቃጥላለች፤ በ1859 ዓ.ም. በአፄ ቴዎድሮስ እጅ፣ በ1880 ዓ.ም. በደርቡሾች እጅ። «አርባ አራቱ ታቦት» የሚባሉት አድባራት አብዛኞቹ በነዚህ እሳቶች ተበሉ። ከተረፉት ጥቂቶች የደብረ ብርሃን ሥላሴን መትረፍ ሕዝቡ ለንብ መንጋ ይሰጠዋል፤ ንቦቹ ወጥተው ጠላቱን አባረሩት ይላል። ንጉሡ ከሄዱ፣ ገበያው ከቀዘቀዘ፣ ቤቱም ከተቃጠለ በኋላ ከተማን ከተማ የሚያሰኘው ምን ይቀራል? አጥቢያው ቀረ። ቤተ ክርስቲያኑ አመድ ቢሆንም የአጥቢያው ሰው በዚያው ስም መጠራቱን አልተወም፤ ስለዚህ ከጊዜ በኋላ ብዙዎቹ አድባራት ከነበሩበት ተመልሰው ታነጹ። በአታ እንደ ጥንቱ የአቋቋም ማስመስከሪያ ሆና ቀጠለች። ከሩቅ አገር የመጣው ተማሪ በሰፈሩ ሰው ደጅ ቁራሹን እየለመነ ዜማውን ይቀጽላል። ማንም ሹም ሳያዝዝ የአንድ ሰፈር እናቶች እንጀራ አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ሲያኖር መኖሩን የትምህርት ታሪክ ጸሐፊዎቻችን በአንድ መስመር ያልፉታል።

በዚህ አንቀጽ ዕድርንም ማንሣት የሚፈልግ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ዕድርን ከጥንተ ፍጥረት የነበረ አድርገው የሚጽፉ አሉ፤ አጥኚዎች የሚያመዛዝኑት ግን በሃያኛው መቶ ዓመት በከተማ ኑሮ ውስጥ መደርጀቱን ነው። ሰንበቴና የጽዋ ማኅበር ከእርሱ ይቀድማሉ። አዲስ መሆኑ ክብሩን አይቀንስበትም፤ ይልቁንም ሰፈር የጥንቱን ከመጠበቅ አልፎ የሚያስፈልገውን አዲስ ነገር እንደሚፈጥር ያሳያል።

የኢጣልያን ዘመን ነገር በአጭሩ ይበቃል። በ1928 ዓ.ም. የገባው ጠላት ጌራርዶ ቦሲዮ የተባለውን የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ፕላን አስነሥቶ ኢጣልያኑን ከአገሬው ለይቶ ለማስፈር አሰበ። የፕላኑ መስመር ያማረ መሆኑን አልክድም፤ የፖስታ ቤቱና የሲኒማው አሠራር ዛሬም ዓይን ይስባል። ነገር ግን ፕላኑን እንደ ድርሰት ብናነበው አገሬው በውስጡ ባለ ታሪክ ሆኖ አይገኝም፤ ከገጹ ጠርዝ ተገፍቶ የቆመ ነው። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በዚሁ በጎንደር መጨረሻውን አገኘ። የጎንደር ሰውም ሕንፃውን ወረሰ፤ «ፒያሳ» የሚለውንም ቃል ወስዶ አማርኛ አደረገው። አሁን ፒያሳ ሲባል ቡና የሚጠጣበት፣ ወዳጅ የሚቀጣጠርበት የራሱ ሰፈር እንጂ የሌላ ሰው አደባባይ አይመስለውም። በፕላን ላይ የተጻፈ ሒስ ይህን ያህል የሰላ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፈተና ዝምተኛ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ሰፈሩም በቀበሌ ቁጥር ተመዘገበ። ደሀው በትንሽ ኪራይ ከመሀል ከተማ ሳይወጣ መኖር ስለ ቻለ አዋጁ የቆየውን ጉርብትና አንድ ላይ ይዞ አቈይቷል። በሌላ ወገን ተከራዩ የእኔ ነው ብሎ አይጠግን፣ አከራዩ መሥሪያ ቤትም በዚያ ኪራይ መጠገኛ አያገኝ፤ ጭቃው እየረገፈ፣ ቆርቆሮው እየዛገ ሄደ። ስም ግን ለቁጥር አልተሸነፈም። በማመልከቻ ላይ ቀበሌውን የሚጽፍ ሰው ልጁን ሲልክ «እጨጌ ቤት ድረስ ደርሰህ ና» ይላል።

አሁን ወደ ዘመናችን ጉዳይ እንግባ። ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከግቢው ጋር የፋሲል መዋኛ፣ ቁስቋም፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ራቅ ብሎም ጉዛራ አብረው ተመዝግበዋል። ሁሉም የታወቁ ሕንፃዎች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ሰፈር ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሐረር በ1998 ዓ.ም. ስትመዘገብ የሆነው ከዚህ ይለያል። የተመዘገበው ጀጎል እንዳለ ነው፤ ቅጥሩ፣ 82 መስጊዶቹ፣ 102 የአምልኮ ቦታዎቹ፣ ጠባቡ መተላለፊያና በውስጡ በሥርዓት የተከፋፈለው የሐረሪ ቤት። በሐረር ሰፈሩ ራሱ ቅርስ ሆነ፤ በጎንደር ሰፈሩ በቅርሶች መካከል ያለ ባዶ ቦታ ሆኖ ቀረ። ልዩነቱ የሁለቱ ሕዝቦች ልዩነት አይደለም። በሁለቱ ምዝገባዎች መካከል ባለፈው ሃያ ስድስት ዓመት ዓለም ስለ ቅርስ ያለው አስተያየት ተለውጧል፤ ስለ ጎንደር የምንጽፈው እኛ ግን ከአስተያየቱ ጋር አልተለወጥንም።

ይህ የቃላት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍሁት ነበር። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳ ነባር ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች የከተማው ክፍሎች ሄደዋል። በጎንደርም የግንቡ እድሳትና የኮሪደር ልማት ሥራ ተከናውኗል፤ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በርቷል። ግንቡ መጠገኑ የሚያስደስት ነው፤ ፍሳሽ በደጁ ለሚያልፍ ሰው መንገድ መሠራቱም በጎ ነው። የጭቃ ቤት ይቆይ ብዬ በማላድርበት ጣራ ሥር ሌላው ይደርበት ማለት ግፍ ስለ ሆነ አልልም። የምለው ሌላ ነው። መንገድ ሲሰፋ ቤቱ ስንት ካሬ ሜትር እንደ ሆነ ይለካል፤ ከዚያ ቤት የሚነሣው ሰው የየትኛው ሰንበቴ ማኅበርተኛ፣ የየትኛው ዕድር አባል፣ የየትኛው መስጊድ ጀመዓ እንደ ሆነ ግን የሚመዘግብበት ዓምድ በመዝገቡ ላይ የለም። ካሳው ለጣራና ለግድግዳ ይከፈላል፤ ዐሥር ቤተ ሰብ ወደ ዐሥር አቅጣጫ ሲበተን የፈረሰውን ዕድር ግን ገንዘብ አይተካውም። ጎረቤታሞች አንድ ላይ ተነሥተው አንድ ላይ ቢሰፍሩ ወጪው እምብዛም አይጨምርም፤ ከተማውም የሚያውቀውን ሰፈር በአዲስ ቦታ ያገኘዋል። የድሮው ድንኳን ሰፈር ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲዛወር ሥርዓቱን ይዞ ይሄድ እንደ ነበረ ከላይ አይተናል።

መምህራን ለተማሪዎቻቸው ስለ ጎንደር ድርሰት ሲያዙ «የፋሲል ግንብ» የሚለውን ርእስ ለአንድ ዓመት ቢተዉት ምን ይሆን ነበር? ተማሪው አያቱን ጠይቆ የሰፈሩን ስም ምክንያት፣ የምንጩን ቦታ፣ ድሮ ማን ከማን ጋር ይዋሰን እንደ ነበረ ቢጽፍ፣ ከመቶ ተማሪ መቶ የተለያየ ድርሰት ይገኝ ነበር። አሁን የሚገኘው መቶ ጊዜ የተጻፈ አንድ ድርሰት ነው።

ሰፈሩን በአንድ ቀን ማየት የሚፈልግ ጸሐፊ ግን በከተራ ዕለት ይምጣ። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል፤ እንግዳው ሁሉ ካሜራውን ይዞ የሚጠብቀው በፋሲል መዋኛ ዳር ነው። ይህ ጸሐፊ እዚያ አይቁም። ከቀትር በፊት ወደ አንዱ አጥቢያ ይውጣና ወጣቶቹ ታቦቱ የሚያልፍበትን መንገድ ሲጠርጉ፣ ምንጣፉን ከኋላ እየጠቀለሉ ከፊት ሲያነጥፉ ይመልከት። ማን ከማን አጠገብ እንደሚሰለፍ፣ አንዱ ሰፈር ሌላውን የት ላይ እንደሚጠብቀው ይጠይቅ። ጥር 12 ቀን የሚካኤል ታቦት ሲመለስም እስከ ደጁ ድረስ ይከተል፤ ሕዝቡ የሚያልፍባቸውን ሰፈሮች ስማቸውን እየጠየቀ ይጻፍ። ብዙዎቹን በካርታ አያገኛቸውም።