በድንጋይ የተቀረጸ ኀዘን፤ የሪያ መንደር ቤተ ክርስቲያን ኪነ ሕንፃ

አንድ ሕንፃ የሚመዘነው ለዓይን በሚሰጠው ደስታ ብቻ አይደለም፤ ለማን እንደ ተሠራና በማን እጅ እንደ ተሠራም መመርመር ይኖርበታል። በሰሜን እንግሊዝ፣ ከካርላይል ከተማ በስተደቡብ በምትገኘው በሪያ መንደር የታነጸችው የቅድስት ማርያም አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ይህን ጥያቄ አጉልተው ከሚያቀርቡት የቪክቶሪያ ዘመን ሥራዎች አንዷ ናት።

ቤተ ክርስቲያኗ በ1842 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ስትመረቅ፣ የአገሪቱ ኪነ ሕንፃ ወደ ጎቲክ ስልት አዘንብሎ ነበር። ፒዩጂን በ1836 ባሳተመው መጽሐፍ የመካከለኛውን ዘመን ሕንፃ ከዘመኑ ሥራ በላይ አድርጎ አሞግሷል፤ በ1839 የተቋቋመው የኬምብሪጅ ካምደን ማኅበርም የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት በዚሁ ስልት እንዲታነጹ ይወተውት ነበር። ንድፉን ያወጣችው ሣራ ሎሽ ግን በሙያው ያልሠለጠነች የመንደሩ ባለርስት ነበረች። ወጪውን ለመሸፈን ቃል ስትገባ በአሠራሩ ማንም ጣልቃ እንዳይገባባት አስቀድማ ጠየቀች፤ በ1817 በኢጣልያ ከተዘዋወረች በኋላ ከልቧ ያልጠፋውን ክብ ቅስትም መረጠች።

የሕንፃው አጠቃላይ ቅርጽ እጅግ ቀላል ነው፤ አንድ ባለ አራት ማዕዘን አዳራሽ፣ በምሥራቁም ጫፍ ግማሽ ክብ መቅደስ። ሀብቱ ያለው በቅርጻ ቅርጹ ላይ ነው። በመስኮቶቹ ዙሪያ ከጥንት ባሕር የቀሩ አሞናይቶች፣ ጢንዚዛ፣ ቢራቢሮና የስንዴ ዛላ ተቀርጸዋል። የጥድ ፍሬ ደጋግሞ ይታያል፤ ከሞት በኋላ የሚቀጥል ሕይወት ምልክት ነውና። ሣራ በ1835 የሞተችባትን እኅቷን ካትሪንን ስታስብ፣ ለኀዘኗ የመረጠችው ቋንቋ የራስ ቅልና የመቃብር ሐውልት ሳይሆን ዘርና ቡቃያ ነው። ሥራው ይዘትና ቅርጽ ተዋሕደው የሚታዩበት ትልቁ ስፍራም ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ነቀፌታ የሌለበት ሥራ አይደለም። በሕንፃው ላይ የተሰኩት ፍላጻዎች በ1842 አፍጋኒስታን ውስጥ የተገደለውን የቤተሰቡን ወዳጅ እንደሚያስታውሱ ይተረጎማል፤ ይሁንና ምስጢሩን ያልሰማ ምእመን ይህን ከድንጋዩ ሊያነብ አይችልም። የጋራ ጸሎት ቤት የአንዲት ሴት የግል ማስታወሻ ወደ መሆን የሚያዘነብለው እዚህ ላይ ነው። ከዚህም በላይ የሎሽ ቤተሰብ ሀብት የመጣው በታይን ወንዝ ዳር ከነበሩት የአልካሊና የብረት ፋብሪካዎች ነው፤ የኢንዱስትሪው ላብ የገጠሩን መቅደስ አቆመ ማለት ነው።

ታዲያ ሕንፃውን ከባለጸጋ ምኞት በላይ ያደረገው ምንድን ነው? የመንደሩ እጅ ነው። ሣራ ስመ ጥር ቀራጭ ከለንደን አላስመጣችም፤ ለአካባቢው ድንጋይ ጠራቢ ለዊሊያም ሂንድሰን አደራ ሰጠች፤ የአልባስጥሮሱን የጥምቀት ገንዳ ስትቀርጽም ራሷ መሮ ያዘች። ፍላጻውን ያልተረዳው ገበሬ ስንዴውንና ጢንዚዛውን ያውቃቸዋል፤ ከእርሻው የመጡ ናቸውና። የግሉ ኀዘን የሕዝብ ሀብት ለመሆን የበቃው በዚህ በር ገብቶ ነው። ጎቲክን የሰበኩት ሰዎች ያለፈውን ዘመን ሲቀዱ፣ የሪያ ጠራቢ ግን በእግሩ ሥር ያለውን ምድር ቀረጸ።