እንቢ ማለት የሚያውቅ ፓነል

ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳ ማጠጣት የራያ ቆላ ገበሬ የኖረበት ጥበብ ነው። በቆቦ ሜዳ ግን ከጎሊናና ከሆርማት ወንዞች ሌላ ከምድር በታችም ውሃ አለ፤ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶች አስቆፍሮ የጠብታና የርጭት መስኖ የዘረጋው በዚህ ውሃ ነው። ውሃውን የሚገፋው ሞተር ከነፓምፑ ጉድጓዱ ውስጥ ሰጥሞ ይሠራል። ሲግል የሚዳስሰው፣ ድምፁ ሲለወጥ የሚሰማው ሰው የለም። ጠባቂው ፓምፕ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የብረት ሳጥን፣ የመቆጣጠሪያው ፓነል ነው።

በሙያ የተሠራ ፓነል ሲከፈት መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ሽቦው ነው። ወፍራሞቹ የኃይል ገመዶች ከቀጫጭኖቹ የመቆጣጠሪያ ሽቦዎች ተለይተው ተዘርግተዋል፤ እያንዳንዱ ጫፍ ቁጥር አለው፤ ከብሎኑ ውጭ የተራቆተ መዳብ አይታይም።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የአረንጓዴው ማስነሻ ቁልፍ ነገር ነው። ቁልፉ ሲጫን በቀጭኑ ሽቦ የሚያልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ የኮንታክተሩን፣ ማለትም ዋናውን ኃይል የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ማብሪያ፣ ኮይል ማግኔት ያደርገዋል። ማግኔቱ ብረቱን ቋ አድርጎ ይስብና የ380 ቮልቱ ሦስት ፌዝ በአንድ ጊዜ ይገናኛል። የሰው ጣት ሞተሩን ወደሚያዞረው ኃይል ጨርሶ አልተጠጋም። ጣት ሲነሳም ኮንታክተሩ አይለቅም፤ ከዋናዎቹ ጎን ያለች ትንሽ ረዳት ኮንታክት አብራ ገጥማ የኮይሉን መስመር ይዛለታለች። መብራት ከጠፋ እሷም ትለቃለች። መብራቱ ሲመለስ ሞተሩ ሰው ካላዘዘው አይነሳምና፣ በመሐል ቧንቧ ሊፈታ የገባ ሠራተኛ ድንገት የሚነሳ ሞተር አያገኘውም። እንዲህ ያለ ጥበቃ ከአንዲት ስስ ኮንታክት መገኘቱ፣ በእኔ ሚዛን፣ የዚህ ሙያ ቁንጮ ነው።

በዚያው የኮይል መስመር ላይ ሌሎቹ ጠባቂዎች በተርታ ይቆማሉ፤ አንዱ ከከለከለ ሞተሩ ይቆማል። በኦቨርሎድ ሪሌይ ውስጥ ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራ ስስ ዘንግ አለ፤ ሞተሩ ከልኩ በላይ አምፔር ሲስብ ዘንጉ ይግላል፣ ሲግል ይጎብጣል፣ ሲጎብጥ መስመሩን ይቆርጣል። የፌዝ ሪሌዩ ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ሲጎድል ያቋርጣል፤ አለዚያ ሞተሩ በቀሩት ሁለቱ ልዙር እያለ ሲታገል ጥቅልሉ ይቃጠላል። የውሃ መጠን ሪሌዩ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ በወረዱ ኤሌክትሮዶች ውሃው መሸሹን ያውቃል። ጠላቂ ሞተር የሚቀዘቅዘው በዙሪያው በሚያልፈው ውሃ ስለሆነ በደረቅ መዞር ያጠፋዋል።

ይህን ሁሉ ሥራ ከንቱ ለማድረግ አንዲት ቁራጭ ሽቦ ትበቃለች። ሽንኩርቱ ውሃ ሲጠማ፣ ኦቨርሎዱ ደጋግሞ ሲቆርጥ፣ ሪሌዩን ዘሎ ዳይሬክት ማድረግ ያጓጓል። ፓነል የምትነኩ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ አታድርጉት፤ ሦስቱንም ፌዝ ለኩ፣ አምፔሩን በሞተሩ ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ፣ የውሃውን ከፍታ ፈትሹ።