ቅርጽና ይዘት በሲቪ ገጽ ላይ

በሥነ ጽሑፍና በሥነ ጥበብ ሒስ የቅርጽና የይዘት ዝምድና ሲነሣ ምሳሌው የሚመዘዘው አብዛኛውን ጊዜ ከልብ ወለድ፣ ከግጥም ወይም ከሥዕል ነው። ይሁን እንጂ ይህ ዝምድና የሰውን እንጀራ እስከ መወሰን የሚደርስበት አንድ ትሑት የጽሑፍ ዓይነት አለ። እርሱም ሥራ ፈላጊ ሁሉ በአቃፊ ይዞ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት የሚዞረው፣ በወረቀት ላይ «የግል የሕይወት ታሪክ» የሚባለው፣ በአፍ ግን «ሲቪ» የሚል ስም የጸናለት ገጽ ነው። የዚህን ገጽ ፊደል የሚመርጠው፣ ህዳጉን የሚለካውና ርእሱን የሚያደምቀው ብዙውን ጊዜ ባለጉዳዩ ሳይሆን ወረፋ የበዛበት የኮምፒውተር ጽሕፈት ሠራተኛ ነው። ገጹ ከሥነ ጥበብ ሥራ ስለማይቆጠርም በሒስ ዓይን ሳይመረመር ያልፋል።

የተለመደው ሲቪ ምን ይመስላል? ዙሪያውን እንደ ሠርግ መጥሪያ በሐረግ ይታጠራል። በአናቱ «ካሪኩለም ቪቴ» የሚለው ቃል ከባለቤቱ ስም በእጥፍ ገዝፎ ይቀመጣል፤ አንባቢው የያዘው ወረቀት ምን እንደሆነ የማያውቅ ይመስል። ከዚያ በታች ሦስትና አራት ዓይነት ፊደል ይደባለቃል፤ የደመቀው ይሰመርበታል፣ የተሰመረበት ደግሞ ወደ ጎን ያዘነብላል። ሃያ ዓመት ያስተማረ አንድ መምህር ገጹን እንዲህ አድርጎ አስጻፈ እንበል። ጾታው፣ የትውልድ ዘመኑና የጋብቻ ሁኔታው የመጀመሪያውን ገጽ ግማሽ ይወስዱና የሃያ ዓመት ድካሙ በሁለተኛው ገጽ ግርጌ ሁለት መስመር ያገኛል። ቀጣሪው ከፊቱ የተቆለለውን ክምር ሲያገላብጥ እዚያ ግርጌ ላይደርስ ይችላል። እዚህ ላይ ቅርጽ ይዘትን አላጀበውም፤ ቀበረው።

ይህ ጉድለት የመጣው የገጽ ውበት በአገሩ ስላልታወቀ አይደለም። ቁም ጸሐፊው ቀለም ከመንካቱ በፊት ብራናውን በወስፌ እየወጋ መስመር ያሰምራል፤ ዓምዱንና ህዳጉን ይለያል። የፊደሉ አጣጣል ከመጀመሪያው ቅጠል እስከ መጨረሻው አንድ ወጥ እንዲሆን ይጥራል። ቀይ ቀለም ለመነሻና ለቅዱሳን ስም እንጂ ለሁሉም አይፈስም፤ ሐረጉም የሚሣለው ጽሑፉ በሚከፈትበት እንጂ በየገጹ ዙሪያ አይደለም። ጌጡ ሁሉ ሥራ አለው፤ ዓይንን ይመራል። የተለመደው ሲቪ ከዚያ ቅርስ ሐረጉን ብቻ ወስዶ ሥርዓቱን ትቶታል።

ከብራና ወደ ማሽን የተደረገው ጉዞም የራሱን አሻራ ትቷል። የግዕዝ ፊደል በማተሚያ መጽሐፍ ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1513 ሮማ ላይ በታተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። በአዲስ አበባ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። በእርሳስ ፊደል ዘመን ፊደል ለቃሚው በሣጥኑ ውስጥ ካለው ውጪ ምርጫ አልነበረውም። ዛሬ ኒያላ፣ አቢሲኒካ፣ ኖቶና ሌሎችም በአንድ ዝርዝር ተሰልፈው ይቀርባሉ። ነጻነቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው መመዘኛ ውበት ሳይሆን መድረስ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ የጋራ ሰንጠረዥ ከመግባቱ በፊት በነበረው አሠራር በተዘጋጀ ፊደል የተጻፈ ሲቪ፣ ያው ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የባለቤቱ ስም ወደ ትርጉም አልባ ምልክት ይለወጣል። ስሙ የማይነበብ አመልካች ደግሞ እንዳላመለከተ ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ የፊደሉ ተፈጥሮ ነው። የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ አለው፤ ያዘነበለ መልክም ለዘመናት አብሮት ኖሯል። የኢትዮጵያ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ በኮምፒውተር በግድ ሲያዘነብልም እግሩ የሚወድቅ ይመስላል። ከልክ በላይ ሲደምቅ የ«ሌ» ቀለበት ይደፈንና ከ«ሊ» ጋር ይመሳሰላል፤ «ኃይሌ» የነበረው «ኃይሊ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ አንድን ነገር አጉልቶ ለማሳየት አስተማማኙ መንገድ መጠን፣ ቦታና ባዶ ስፍራ ነው። ፊደሉ ገላው የታጨቀ በመሆኑም በመስመርና በመስመር መካከል ከላቲን ጽሑፍ የሰፋ አየር ይሻል። ግራና ቀኙን እኩል የማድረግ ልማድም በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ቁም ጸሐፊው ቃላትን በሁለት ነጥብ ስለሚለይ በመስመር መጨረሻ ቃሉን ከየትም ቆርጦ ወደ ታች ያወርዳል፤ ዓምዱም ሳይቸገር ይስተካከላል። ኮምፒውተሩ ግን ቃሉን ሳይቆርጥ በቃላት መካከል ያለውን ክፍተት ይለጥጠዋል፤ በጽሑፉም ውስጥ ነጭ ቦይ ይፈጠራል። ለሲቪ ግራውን አስተካክሎ ቀኙን መልቀቅ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለንደን ውስጥ ስለ ኅትመት ትጽፍ የነበረችው ቢያትሪስ ዋርድ ጥሩ ኅትመትን ውስጡን ከሚያሳይ የብርጭቆ ጽዋ ጋር አመሳስላዋለች፤ ጽዋው መጠጡን ሊያሳይ እንጂ ራሱ ሊታይ አይገባም በማለት። አማርኛም «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይላል። ብርሌ ግን ከጽዋው በአንድ ነገር ይበልጣል፤ አንገቱ ቀጭን በመሆኑ ጠጁን በልክ በልኩ ያወርደዋል። የሲቪ ቅርጽም እንዲሁ ነው፤ ይዘቱን ከማሳየት አልፎ አንባቢው ምኑን አስቀድሞ፣ ምኑን አስከትሎ እንደሚቀበል ይወስናል።

እርግጥ ነው፣ «ሙያ ላለው ሰው ጌጥ ምን ያደርግለታል?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ጌጥንና ሥርዓትን አንድ አድርጎ ከማየት የመነጨ ነው። ጌጥ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሥርዓት አይጠይቅም። በሌላ ወገን ደግሞ ያልሠሩትን ለመሸፈን በቀለምና በሥዕል የተሽቆጠቆጠ ገጽ ከሒስ አያመልጥም፤ ባዶ ብርሌ የቱንም ያህል ቢወለወል ጥም አይቆርጥምና።

ያ መምህር ገጹን እንደገና ቢያስጽፈው ምን ይለወጣል? ሐረጉ ይነሣል። ስሙ በመጠን 18 አናት ላይ ብቻውን ይቆማል፤ አድራሻው በአንድ መስመር ይከተለዋል። ጽሑፉ በአንድ የፊደል ዓይነት፣ በመጠን 11 ወይም 12 ይጻፋል፤ ህዳጉ በየአቅጣጫው 2.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ዓመተ ምሕረቶቹ በግራ በኩል እንደ ጠባብ ዓምድ ይሰለፋሉ፤ ከጎናቸው ያስተማረባቸው ትምህርት ቤቶችና የሠራው ሥራ ከቅርቡ ወደ ሩቁ ይወርዳል። ግራጫ መደብ አይኖርም፤ ወረቀቱ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ግራጫው ጠቁሮ ጽሑፉን ይውጠዋልና። አንድም ማስረጃ አልተጨመረም፤ አንድም ነገር አልተጋነነም። ይሁንና ቀጣሪው ገና ወረቀቱን ሲያነሣ ሃያውን ዓመት ያያል። ቅርጽ ለይዘት የሚያደርገው አገልግሎት ይኸው ነው፤ በየጽሕፈት ቤቱ ወረፋ ለሚጠብቀው ሥራ ፈላጊም ከዚህ ያነሰ አይገባውም።