መርፌ ከመወርወሪያ ምን ይማራል? የጥልፍ፣ የቀለምና የጌጥ ልብስ ሙከራ በአባሲያ

አባሲያ በኩዌት የፋርዋኒያ ጠቅላይ ግዛት፣ በጅሊብ አል-ሹዩክ ውስጥ፣ ከዓለም አቀፉ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ የስደተኛ ሠራተኞች ሰፈር ነው። ከነዋሪው ብዙው ከህንድ፣ በተለይም ከኬረላ የመጣ ነው፤ ከግብፅ፣ ከባንግላዴሽና ከኢትዮጵያ የሄዱም አሉበት። ሰፈሩ በጥናትና በዜና የሚነሣው ባብዛኛው በመኖሪያ ፈቃድ፣ በደመወዝና በተጨናነቀ የኪራይ ቤት ምክንያት ነው። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ይሁንና ሰው ሲሰደድ ጉልበቱን ብቻ አይይዝም፤ እጁ የሚያውቀውም አብሮት ይሄዳል። ይህ ዳሰሳ የሚመረምረው ያንን የእጅ እውቀት ነው። የሐበሻ ቀሚስ ከአገሩ ሸማኔ ርቆ፣ ከሌሎች ሕዝቦች የክት ልብስ ጎን በሚለበስበት ቦታ፣ ጥልፍንና ቀለምን መሞከር የምትፈልግ የጨርቃ ጨርቅ ተማሪ ምን ትማራለች?

መከራከሪያዬ ይህ ነው። በስደት ምድር የጥበብ ልብስ ዕጣ በመርፌ እጅ ወድቋል፤ መርፌም ሥራዋን በሚገባ የምትሠራው የሽመናን ሕግ ስታከብር ነው። ጥልፍ ጨርቁን እንደ ባዶ ወረቀት ከቆጠረው ጌጡ ከልብሱ ይለያል። ድርና ማጉን እየቆጠረ ከሄደ ግን ጌጡ የልብሱ አካል ይሆናል።

ጥለትና ጥልፍ

ጥለት ጨርቁ ገና ሽመና ላይ ሳለ የሚገባ ጌጥ ነው። ሸማኔው ነጩን ማግ በመወርወሪያ እያሳለፈ ይቆይና ወደ ጫፉ ሲደርስ ድሩን በጣቱ እየለቀመ ባለቀለሙን ክር ያስገባል፤ ወዲያው ነጩን ማግ ደግሞ ይወረውርና መትቶ ያጠብቀዋል። የነጠላን ጫፍ ገልብጦ ማየት ይበቃል። ባለቀለሙ ክር ከድሩ ጋር ተያይዞ፣ በሁለት ነጭ ማጎች መካከል ተቀብሮ ይገኛል። አንዱን ክር ይዘው ቢስቡት ሸማው አብሮ ይሳባል። በመኪና የተጠለፈ ቀሚስ ሲገለበጥ የሚታየው ሌላ ነው፤ ከስር የቦቢኑ ነጭ ክር ተደራርቦ፣ ከእርሱም በታች ጥልፉን ለመደገፍ የተሰፋው ጠንካራ ጨርቅ አለ። ጥልፉን በመቀስ ጫፍ መፍታት ይቻላል፤ ቀዳዳው ይቀራል እንጂ ጨርቁ ሙሉ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ሽመና የአገር፣ ጥልፍ ደግሞ የመጤ ነው ማለት ስሕተት ነው። ከመቅደላ ዘመቻ በኋላ ወደ እንግሊዝ ከተወሰዱት ቅርሶች መካከል የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ የጥጥ ቀሚስ በሐር የተጠለፈ ነው። ቀሚሱ ያለበት የለንደኑ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የዘመቻውን 150ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 መቅደላን የተመለከተ ዐውደ ርእይ አሳይቷል። ከዚያም ቀደም ብሎ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩት፣ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየምና ቶሮንቶ ባለው ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም የሚገኙት ታላላቅ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃዎች ከውጭ በመጣ ሐር፣ ቀዳዳ ባላቸው ትናንሽ ሰሌዳዎች ድሩን እያዞሩ በሚሠሩበት የሽመና ስልት የተዘጋጁ ናቸው፤ የሰዎቹ ምስል ሳይቀር ከሽመናው ይወጣል። እነዚህ ሁለት ምሳሌዎች አብረው ሲታዩ የአገራችን ጌጥ በሁለቱም መንገድ መሄዱን፣ ጥሬ ዕቃውንም ከሩቅ ለመቀበል አለማመንታቱን ያሳያሉ። ስለዚህ ተማሪዋ «የትኛው የእኛ ነው?» ብላ መድከም የለባትም። የሚጠቅማት ጥያቄ «ይህ ጌጥ ከጨርቁ ጋር በምን ተያያዘ?» የሚለው ነው።

የሽመና ዕቃ በማይገባበት ቤት

በአባሲያ ጥያቄው ወዲያው የኑሮ ጥያቄ ይሆናል። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢ ከጥንት ጀምሮ ባዘቶውን አውጥታ በእንዝርት የምትፈትለው ሴት ናት፤ የሚሸምነው ባብዛኛው ወንድ ነው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ መርገጫውን እየረገጠ የሚሠራበት ዕቃ መሬትና ቦታ ይፈልጋል። ወደ ኩዌት የሄዱት ኢትዮጵያውያን ደግሞ በብዛት የቤት ሠራተኛ ሴቶች ናቸው። መኖሪያቸው የአሠሪ ቤት ክፍል ወይም በጋራ የተከራዩት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68፣ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይደነግጋል። ለእጅ ሥራ የሚተርፈው ጊዜ ቢገኝ እዚያች ቀን ላይ ነው።

እንግዲህ የሽመና ዕቃ ሻንጣ አይገባም፤ መርፌና ክር ግን ይገባል። ከአገር ቤት በመንገደኛ እጅ የመጣ ቀሚስ ሲሰፋ፣ ሲያጥር፣ ደረቱ ሲታደስ የሚሠራው ወይ በባለቤቲቱ መርፌ ወይ በልብስ ሰፊ መኪና ነው። በአቡጀዲ ላይ የትራስ ልብስ የጠለፈች፣ በኪሮሽ ዳንቴል የሠራች ኢትዮጵያዊት ጥቂት አይደለችም። ይህን የጓዳ ሥራ ትምህርት ቤቶቻችን እንደ ዕውቀት ሳይቆጥሩት ኖረዋል። በስደት ግን ከሙያው ሁሉ በሕይወት ሊቆይ የሚችለው እርሱ ነው፤ ስለዚህ የሙከራው መነሻ እዚያ መሆን አለበት።

ሦስት ጎረቤቶች

አባሲያን ለዚህ ጥናት ልዩ የሚያደርጋት ጎረቤቶቿ ናቸው። የመጀመሪያው የኬረላ ካሳቩ ነው። ያልነጣ፣ ወደ ወተት ቀለም የሚያደላ የጥጥ ጨርቅ ሲሆን ጫፉ ላይ ዛሪ በሚባል የወርቅ ክር የተሸመነ ጥለት አለው። ባላራማፑራም በዚህ ሽመና የታወቀች ናት። የኬረላ ሰዎች ካሳቩን ለኦናም በዓል ይለብሱታል፤ በዓሉ የሚውለው በነሐሴና በመስከረም አካባቢ፣ ከእንቁጣጣሽ ጋር በተቀራረበ ወቅት ነው። በነጭ ላይ ጠርዙን ብቻ ማስጌጥ የእኛ ብቻ ስልት እንዳልሆነ ማየት ለተማሪዋ ትልቅ ትምህርት ነው። በካሳቩም በነጠላም ጥለቱን የሚያደምቀው ሳይነካ የቀረው ሰፊ ሜዳ ነው። ያ ሜዳ በሥራው ውስጥ የራሱ ድርሻ አለው።

ሁለተኛው የኩዌት ሴቶች የሰርግ ልብስ፣ የነሻል ቶብ ነው። ስስና በጣም ሰፊ ነው፤ ደራዓ ከሚባለው ረጅም ቀሚስ በላይ ይደረባል፤ ደረቱ ላይ በወርቅ ክርና በሚያብለጨልጩ ትናንሽ ቅርፊቶች ይጠለፋል። በረመዳን አጋማሽ በሚከበረው የልጆች በዓል፣ በገርጌዓን፣ ትናንሽ ልጃገረዶች ቡኽኑቅ የሚባለውን ባለወርቅ ጥልፍ የራስ መሸፈኛ ያደርጋሉ። የወርቁ ክር ታሪክ የባሕር ንግድ ታሪክ ነው። ኩዌት ከህንድ ጋር የነበራት ትስስር ጥብቅ ስለነበር እስከ እ.ኤ.አ. 1961 ድረስ የምትገበያየው በሩፒ ነበር። የነሻል ብልሃት ክብደትን ማወቅ ነው፤ ስሱ ጨርቅ ሊሸከም የሚችለውን ያህል ጌጥ ደረት ላይ ይከማቻል፣ ቀሪው ለቅቆ እንዲወርድ ይተዋል። ካባ ላይ የሚጠለፈው የእኛ ሙካሽም ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ጥያቄ አለበት። ካባው ወፍራም ስለሆነ ሙካሹን ይሸከማል፤ ያንኑ ሙካሽ በስስ ፈትል ላይ መጫን ግን ጨርቁን መቅደድ ነው።

ሦስተኛው ሳዱ ነው። የበደዊን ሴቶች ከበግ፣ ከፍየልና ከግመል ጠጉር ፈትለው፣ መሬት ላይ በተዘረጋ ቀላል ዕቃ ለድንኳን የሚሸምኑት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2020 በሳዑዲ ዓረቢያና በኩዌት ስም በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። በኩዌት ከተማ ከብሔራዊ ሙዚየም አጠገብ ያለው የሳዱ ቤት ይህን ሽመና ያስተምራል፣ ያሳያል፣ ወጣት አርቲስቶችም በአዲስ መልክ እንዲሞክሩት ያበረታታል። ድንኳኑ ለኮንክሪት ቤት ቦታ ከለቀቀ በኋላ ሳዱ የቆየው በናፍቆት ብቻ አይደለም፤ ተቋም ስላገኘ ነው።

ቀለም ጎረቤቱን ይቀይራል

ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሚሼል ኧዠን ሼቭረል በፓሪስ የጎብለን ምንጣፍ ፋብሪካ የቀለም ክፍል ኃላፊ በነበረበት ጊዜ ጥቁሩ ክር አይጠቁርም የሚል አቤቱታ ደረሰው። መርምሮ ሲያይ ክሩ እንከን አልነበረበትም፤ ጥቁረቱን ያደበዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ሌላ ቀለም ነበር። ይህን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1839 በመጽሐፍ አወጣው። ለጥለት ይህ ወሳኝ ነው። ቀጭን አረንጓዴ መስመር በነጭ መካከል ብቻውን ሲሆን ይጠቁራል፤ ቀይ ሲጠጋው ይነድዳል። ስለዚህ ቀለምን ከክር መደብር ላይ አንድ በአንድ መምረጥ አያዋጣም፤ ጎን ለጎን አድርጎ፣ በሚጠለፍበት ጨርቅ ላይ አሳርፎ ማየት ያስፈልጋል።

የቦታ ጉዳይም አለ። ሐምሌ 21 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. በኩዌት ሚትሪባ በተባለ ቦታ 53.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዝግቧል። እንዲህ ባለ ፀሐይ ስር የሚሰጣ ቀሚስ ቀለሙ ቶሎ ይፈተናል። የጨርቃ ጨርቅ ቤተ ሙከራዎች በአይ ኤስ ኦ 105 ተከታታይ መስፈርቶች የቀለምን ጽናት ይለካሉ፤ ለእጥበት ከ1 እስከ 5፣ ለብርሃን ከ1 እስከ 8 ደረጃ ይሰጣሉ። ቤተ ሙከራ የሌላትም መንገድ አላት። ባለቀለሙን ክር በነጭ የጥጥ ቁራጭ ላይ ሰፍታ፣ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ዘፍዝፋ፣ ነጩ ላይ ቀለም መልቀቁን ታያለች። ሌላውን ቁራጭ እኩሌታውን በካርቶን ሸፍና መስኮት ላይ ትሰቅላለች፤ ከሳምንታት በኋላ ካርቶኑን ስታነሣ ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። የጥጥ፣ የሐርና የፖሊስተር ክር ማቅለሚያቸው የተለያየ ስለሆነ በአንድ ጥለት ውስጥ ተደባልቀው ከገቡ እኩል አያረጁም።

እየቆጠሩ መጥለፍ

ከላይ የተባለው ሁሉ ወደ አንድ የሙከራ ሐሳብ ይመራል። ተማሪዋ አንድ የመስቀል ቅርጽ ትምረጥና በሦስት ቁራጭ የፈትል ጨርቅ ላይ በሦስት መንገድ ትሥራው። በመጀመሪያው ላይ በመኪና፣ የፖሊስተር ክሩን አጥብቃ ትጥለፍ። በሁለተኛው ላይ ቅርጹን በእርሳስ ነድፋ በእጅ ትሙላው። በሦስተኛው ላይ አትንደፍ፤ ጫፏ ያልሾለ መርፌ ይዛ ድሩን ትቁጠር። ሦስት ድር ከላይ፣ አንድ ድር ከስር፤ ቀጣዩ መስመር አንድ ድር ፈቀቅ ብሎ ይጀምራል። ክሩ ከላይ ረጅም መንገድ እንዳይሄድ መጠንቀቅ አለባት፤ አለበለዚያ ቀለበትና አምባር ይይዘዋል። ያልሾለው ጫፍ ፈትሉን ሳይሰነጥቅ በድሮቹ መካከል ያልፋል።

ከዚያ ሦስቱንም ትጠብ። የእጅ ፈትል ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ የፖሊስተር ክር ግን በነበረበት ይቀራል። ስለዚህ ጠጥሮ በመኪና የተጠለፈው ዙሪያው ይጨማደዳል። ሦስተኛው በጥጥ ክር ከተሠራ ከጨርቁ ጋር አብሮ ይሰበሰባል፤ ስልቱ በሸማኔው ጣት ከሚገባው ጥለት ጋር አንድ ዓይነት መዋቅር አለውና። እዚህ ላይ መርፌ የመወርወሪያን ሥራ ትሠራለች፤ የሽመና ዕቃ በሌለበት ቤት ጥለት ይሠራል።

ሙከራው የቁጠባንም ትምህርት ይሰጣል። ቆጥሮ መጥለፍ ቀርፋፋ ስለሆነ ጠላፊዋ ጌጡን የት ማሳረፍ እንዳለባት እንድታስብ ያስገድዳታል። በቅርብ ዓመታት የሐበሻ ቀሚስን ከአንገት እስከ እግር በመኪና ጥልፍ የመሙላት፣ ከዚያም ብሶ ጥለትን በጨርቅ ላይ አትሞ የመሸጥ ልማድ ተስፋፍቷል። የኅትመቱ ጨርቅ ርካሽ መሆኑ ኑሮዋ ለከበዳት ሴት መፍትሔ ነው፤ ለባሿ አትወቀስም። ጉዳቱ ግን የሸማኔውን ገበያ መውሰዱ ብቻ አይደለም፤ ነጩን ሜዳ ያጠፋል፣ የጥለትንም ቦታ ትርጉም አልባ ያደርጋል። ነጠላ ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ሲለበስ፣ ለሐዘን ሲዘቀዘቅ የሚናገረው ጥለቱ ያረፈበት ቦታ ነው። ጌጥ በሁሉም ቦታ ከሆነ ያ ንግግር ይቆማል።

ይህ ማለት ለውጥ ይቅር ማለት አይደለም። እንደ ፍቅርተ አዲስና ማህሌት አፈወርቅ ያሉ ዲዛይነሮች በእጅ የተሸመነ ጨርቅን መሠረት አድርገው ዘመናዊ ልብስ መሥራት እንደሚቻል አሳይተዋል። የቀለም ድፍረትና የሽመና ክብር አብረው እንደሚሄዱ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ለማን፣ በማን

ባሕር ዳር እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው ፖሊ ቴክኒክ ጨርቃ ጨርቅን ካስተማረበት ጊዜ ጀምሮ ሙያው በአገራችን የመደበኛ ትምህርት ታሪክ አለው፤ ዛሬም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይሠራል። የእንዲህ ያለ ተቋም ተማሪ የመመረቂያ ሥራዋን ከአዲስ አበባ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጋር እንደምትሠራ ሁሉ፣ በአባሲያ ካሉ ጠላፊዎችም ጋር ብትሠራ ሁለቱም ያተርፋሉ። አንዷ የክርን ጠባይና የቀለምን መለኪያ ታመጣለች፤ ሌላዋ የጎረቤቶቿን ጌጥ በዓይኗ አይታ፣ በራሷ ልብስ ላይ ሞክራ ያገኘችውን ታመጣለች። ከውጭ ተመላሽ ለሆነች ሴትም ይህ ሙያ ከሻንጣዋ ጋር የሚመለስ መተዳደሪያ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ነገር መዝገብ ነው። የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ የለባሿን ስም ይዞ ለንደን ደርሷል፤ የጠላፊው ወይም የጠላፊዋ ስም ግን አልተከተለውም። ያ ክፍተት በዛሬ ሥራ ላይ ሊደገም አይገባም። ከእያንዳንዱ የሙከራ ቁራጭ ጋር የፈትሉ ዓይነት፣ የክሩ ምንጭ፣ የእጥበቱና የፀሐዩ ውጤት፣ ከሁሉም በላይ በፈቃዳቸው የሸማኔውና የጠላፊዋ ስም ይጻፍ። የአገራችን የጌጥ ልብስ ትምህርት እዚህ ላይ ከበረታ፣ በአባሲያ ጓዳ ውስጥ የሚሠራው ጥልፍ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ተብሎ መታለፉ ቀርቶ በባሕር ዳር ክፍል ውስጥ የሚጠና፣ የሚሞገትና የሚሻሻል እውቀት ይሆናል።