ዙፋኑና ቅኔ ቤቱ፤ ስለ ሥልጣኔ ግንባታ ጨዋታ የቀረበ ሂስ

የሥልጣኔ ግንባታ ጨዋታ የሚባለው፥ ተጫዋቹ አንድን ሕዝብ ከጥንት ዘመን ተረክቦ፥ ከተማ እየቆረቆረ፥ ዕውቀት እያስፋፋና ጦር እያሰለፈ እስከ ዛሬ ዘመን የሚያደርስበት የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። ከዚህ ዓይነቱ እጅግ ስመ ጥር የሆነው፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1991 የወጣውና በሲድ ማየር ስም የሚጠራው «ሲቪላይዜሽን» ነው። ኢትዮጵያ በአምስተኛው ክፍል ተጨማሪ እትም በ2004 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፥ በስድስተኛውም በ2012 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ መሪነት ገብታበታለች። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጨዋታው ስለ አገራችን የሚናገረውን በደብረ ኤልያስ ሚዛን መመዘን፥ ቀጥሎም በተሻለ ደስታና ብልሃት የሚጫወቱበትን መንገድ ማመልከት ነው።

ደብረ ኤልያስ ለምን ተመረጠ ቢሉ፥ ጨዋታው በቍጥር ብቻ የሚያሳየው ነገር በዚያ በሰው ሕይወት ስለሚታይ ነው። ይህች የምሥራቅ ጎጃም ደብር በቅኔ ትምህርቷ የታወቀች ናት፤ ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ስፍራዎች አንዷ ናት።

በመጀመሪያ ጨዋታው የሚመሰገንበትን እንናገር። በስድስተኛው ክፍል፥ ኢትዮጵያ በኮረብታ ላይ ከቈረቈረችው ከተማ ከሚገኘው የእምነት ሀብት መቶኛው 15 የሚያህል፥ በሳይንስም በባህልም ተጨምሮ ይገኛል፤ ወታደሯም በኮረብታ ሲዋጋ ኃይሉ በ4 ይጨምራል። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች ሜዳውን ትቶ ደጋውን ይመርጣል፤ ከዐለት የሚፈለፈለውንም ቤተ ክርስቲያን ተራራና ኮረብታ በበዛበት ያኖራል። ንባብ፥ ዜማ፥ ቅኔና ሥዕል በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ላደጉበት አገር ይህ አነባበብ የሚናቅ አይደለም።

ስሕተቱ ግን አይታለፍም። አምስተኛው ክፍል «የዓድዋ መንፈስ» የተባለውን ብልጫ የሰጠው ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነው፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲደረግ ግን እሳቸው አራት ዓመት እንኳ ያልሞላቸው ሕፃን ነበሩ። ይህ የዘመን መደባለቅ ለጨዋታ ሲባል ይቅር ሊባል ይችላል። ይቅር የማይባለው ሌላ ነው፤ ይኸውም ዕውቀት ማን አብልቶት እንደሚያድግ ጨዋታው አለመጠየቁ ነው።

የቆሎ ተማሪ ከአገሩ ወጥቶ፥ ደበሎውን ለብሶና አኮፋዳውን አንግቶ ወደ መምህሩ ሲመጣ፥ የሚኖረው ከየቤቱ ደጃፍ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በሚለምነው ቍራሽ ነው። እንግዲህ ቅኔ ቤቱን ያቆመው የንጉሥ ትእዛዝ ብቻ ሳይሆን፥ የማያውቀውን ልጅ የሚመግብ ገበሬ ነው። በጨዋታው ግን ገበሬው «የሕዝብ ብዛት» ተብሎ ቍጥር ሆኗል፤ እምነትም ያለ መምህርና ያለ ተማሪ በስሌት ወደ ዕውቀት ይለወጣል።

መሬቱም እንዲሁ ነው። በጨዋታው ርስት የሚባል ነገር የለም፤ መሬት ሁሉ የዙፋኑ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ ያመፀው ግን ስለ ገንዘቡ መጠን ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ ተለክቶ ርስቴ ይነጠቃል ብሎ ስለ ሠጋ ነው። መንግሥትም በመጨረሻ ወደ ኋላ ለማለት ተገደደ። ይህን የመሰለውን ክርክር የማያውቅ ጨዋታ፥ የመንግሥትን እንጂ የሥልጣኔን ታሪክ አልተናገረም።

ይህን ካወቅን በኋላ ጨዋታውን መተው የለብንም። የመሻሻያውን መንገድ ቅኔ ቤቱ ራሱ ያስተምራል። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ፥ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ በደረጃ ይወጣል፤ የቈጠረውንም በመምህሩ ፊት አቅርቦ ይታረማል። የስድስተኛው ክፍል የችግር ደረጃዎችም ስምንት ናቸው። በአራተኛው ላይ ተጫዋቹና ማሽኑ እኩል ናቸው፤ ከዚያ በላይ ማሽኑ ብልሃት ሳይሆን የሀብት ድጎማ ይጨመርለታል። ስለዚህ ጀማሪ በትንሽ ካርታና በጥቂት ተቀናቃኝ ይጀምር፤ ጨዋታው ሲያልቅ የተሸነፈበትን ውሳኔ ለይቶ ይጻፍ፤ አራተኛውን ሳያጠና አምስተኛውን አይሻ።

ስለ ደስታው ደግሞ የቀድሞው ሰንጠረዣችን ምስክር ነው። በዚያ ጨዋታ ንጉሡ በደካማ ጠጠር ሲያዝ፥ በብርቱ ጠጠር ከተያዘበት ይልቅ ድሉ ይከበር ነበር። ማለት የተመሰገነው ማሸነፉ ብቻ ሳይሆን አሸናነፉ ነው። ኮምፒዩተሩ ይህን ክብር ስለማይሰጥ ተጫዋቹ ለራሱ ይስጥ፤ ብዙ ከተማ በመዝረፍ ሳይሆን በጥቂት የደጋ ከተሞች ያሸንፍ።

ለተማሪዎቻችንም የምንመክረው ይህንኑ ነው። በምኒልክ ስም አንድ ጨዋታ ይጫወቱ፤ ከዚያም በአንድ ገጽ ላይ፥ በካርታው ላይ ያልታየውን፥ ለተማሪው ቍራሽ የሰጠውን ገበሬ ይጻፉ። ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ሰው ጨዋታውንም አገሩንም በተሻለ ያነባል።